የበረዶው ጥፋተኛ

ቃልም እንደ ሰው ነው፤ አገር ሲለውጥ ጠባይ ይለውጣል። "በረዶ" የሚለውን ቃል ውሰዱ። ከተማ ውስጥ በረዶ ማለት ከፍሪጅ ወጥቶ ብርጭቆ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ነው። አስተናጋጁ "በበረዶ ይሁን ያለ በረዶ?" ይላችኋል፤ እናንተም የጉሮሯችሁን ሁኔታ አይታችሁ ትመልሳላችሁ። ነጠላ ተራ ብትሄዱ ደግሞ በረዶ የንጣት መለኪያ ይሆናል። ሻጯ ነጠላውን ዘርግታ "በረዶ እኮ ነው፣ እዩት!" ትላችኋለች፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ምን እንደሚመስል ግን አትነግራችሁም። ትምህርት ቤት በረዶ ማለት መጽሐፍ ላይ የተሣለ፣ የቤቱን ጣሪያ ሁሉ ያለበሰ፣ ጓንት ያጠለቁ ልጆች እየተሣሣቁ የሚወራወሩት የሰው አገር ነገር ነው። ልጆች ሳለን ያንን ሥዕል እያየን እንገረም ነበር። የገረመን ብርዱ አልነበረም። ይህ ሁሉ በረዶ ወርዶባቸው እንዴት ይሥቃሉ? ብለን ነው።

የትውልድ መንደሬ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እዚያ ዝናብ ሲጥል "መቼ ያባራ ይሆን?" ይባላል። ውርጭ ሲመታ "ስንቱን ነካው?" ይባላል። ጭጋግ ሲወርድ ምንም አይባልም፤ ሰው ጋቢውን አጥብቆ ዝም ይላል። በረዶ ሲወርድ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ስንዴው ገና ቀና ሳይል፣ አንድ ነው። "ማን ሠራ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓል ሽሮ፣ ማለትም ታቦት በሚከበርበት ቀን እርፍ ጨብጦ ወይም አረም ነቅሎ የዋለ ሰው ካለ፣ ጦሱ ለእሱ ብቻ አይቀርም፤ ለአጥቢያው ሁሉ ይተርፋል። የሚተርፈውም በበረዶ መልክ ነው። ስለዚህ በኛ አገር "በረዶ ወረደ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ገና አላለቀም። ሰሚው ቀሪውን ይጠብቃል።

እኔ በሙያዬ ዘጋቢ ነኝ። ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ከሰማው ይልቅ ያየውን መጠየቅ ልማዴ ነው። በረዶ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሙቅ አየር ወደ ላይ ወጥቶ፣ የዝናቡ ጠብታ ከደመናው አናት ላይ ረግቶ፣ ክብደቱ ሲበዛ እንዴት እንደሚወርድ ባለሙያዎች ጠይቄ ጽፌ አውቃለሁ። ጽሑፉን ለታላቅ እህቴ ለእታለም ይርገዱ አንብቤላት ነበር። እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠችና "ይህማ እንዴት እንደሚወርድ ነው" አለችኝ። "ለምን እንደሚወርድ መች ጻፍክ?"

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ክረምት፣ ፍልሰታ እንደገባ ፈቃድ ወስጄ ከምሠራበት ከባሕር ዳር እሷን ልጠይቅ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ አገኘኋት። ሳመችኝ፤ ግን አሳሳሟ የልቅሶ ቤት ነው።

"ምነው እታለም?"

"በረዶ ወረደ።"

"መቼ?"

"ገብርኤል ባለፈ በስድስተኛው ቀን። የሞላን ስንዴ ምንጣፍ አደረገው።"

"ያንቺንስ?"

"የኔንማ አልነካውም" አለችና እንባዋን ጠረገች። "መከራው እሱ አይዶል!"

ነገሩን ቀስ ብዬ አወጣሁት። ሞላ የማሳ ጎረቤቷ ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ቀጭን ወንዝ ብቻ። በረዶው እስከ ወንዙ መጥቶ ቆሟል። ሞላ ማሳውን ሲያይ፣ ቀጥሎ ያየው የእህቴን አረንጓዴ ጤፍ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሰይድ የሚባል የሞጣ እህል ነጋዴ "ይርገዱን ማሳዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትሠራ አየኋት" ብሏል የሚል ወሬ ቢቸና ገበያ ላይ ተሰማ። መቼ? ለሐምሌ ገብርኤል። በቃ፣ ነገሩ ተገጣጠመ።

እኔ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ማንም ዘጋቢ የሚጠይቀውን ነው። ጥፋተኛዋ እሷ ብትሆን በረዶው የእሷን ማሳ አይመታም ነበር ወይ? መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። በረዶ የሠራውን ትቶ ጎረቤቱን ነው የሚመታው፤ ሰውዬው አፍሮ እንዲኖር። የእሷን ቢመታትስ ኖሮ? ያማ ግልጽ ነው፤ እጇን ያዛት ይባላል። በብዙ ችሎት ተቀምጬ ዘግቤያለሁ። በሁለቱም በኩል የሚያስፈርድ ማስረጃ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

የበረዶውም መጠን ባለበት አልቆየም። በወረደ ዕለት ያዩት ሰዎች የሽምብራ ፍሬ ያህላል ብለው ነበር። እኔ ስደርስ ሎሚ አክሏል። እሑድ ለስብሰባ ስንቀመጥ የዶሮ እንቁላል ሆኖ አገኘሁት። ከቀለጠ በኋላ የሚያድግ ነገር በረዶ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ እንግዲህ የሚያሥቅ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። የእህቴ ባል ወገቡን ከታመመ ሁለት ዓመቱ ነበር። ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ከመሞቅ ያለፈ ጉልበት የለውም። የጤፍ አረም ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በነሐሴ ካልታረመ በኅዳር የሚታጨድ ነገር የለም። እህቴ የምትኖረው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ሁሉም ለእሷ ያርማል፣ ነገ እሷ ለሌላው ታርማለች። የአጥቢያው ሽማግሌ አያ ቢተው ታዲያ የበረዶው ጥፋተኛ ሳይታወቅ ወንፈል እንዳይወጣ አግደዋል። ጥፋተኛው ሲታወቅ ደግሞ ያ ሰው ለዓመቱ ከወንፈል ይባረራል። ስለዚህ ነገሩ ሲጠቀለል ይህን ይመስላል፤ እሷ ናት ከተባለ የዓመት ጤፏ ሄደ። ማን እንደሆነ ካልታወቀም ሄደ።

"ጤፉ ሳይታረም ስንት ቀን ይቆያል?" አልኳት።

"አንድ ሳምንት። ቢበዛ ዐሥር ቀን።"

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ሞጣ ሄድኩ። ወሬን ከምንጩ መጠጣት ነው። ሰይድን ሱቁ ውስጥ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቤተሰቡ ሞጣ ከከረመ ስንት ትውልድ እንደሆነ እሱም አይቆጥረውም፤ በመንገዱ ላይ ያለ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የመጣሁበትን ስነግረው ከጆንያው ላይ ተነሣ።

"እኔ? እኔ አስከሰስኳት?"

"ስትሠራ አየኋት አላልክም?"

"አመስግኜ ነው እንጂ! ወላሂ አመስግኜ ነው! እናንተ አገር እንዲህ ያለች ሴት አለች፣ በዚያ ዝናብ ብቻዋን ከማሳዋ ላይ ውኃ ስታስወጣ አየኋት አልኩ። ምስጋና ነው ይኼ?" ብሎ ራሱን ጠየቀና "ምስጋና ነበር" ብሎ ራሱ መለሰ።

"ቀኑ መቼ ነው?"

"ዓርብ።"

"እንዴት ታስታውሳለህ?"

"እንዴት አላስታውስ? ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ በእግሬ ነው ቢቸና የገባሁ። ጁምዓ ያመለጠኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው።"

ማስታወሻዬን አገላበጥኩ። የዚያን ዓመት ገብርኤል የዋለው ሐሙስ ነው። ሰይድ ግን ገና አልጨረሰም።

"ደሞስ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ለገብርኤል ቢቸና ምን ልሠራ እሄዳለሁ? በዚያ ቀን አህያ የሚጭን ገበሬ አለ? ማን እህል ያመጣልኛል? የናንተን በዓልና ጾም ካላወቅሁማ ምኑን ነጋዴ ሆንኩ!" ይህን ብሎ ሊያዝልኝ ተነሥቶ የነበረውን ሻይ ተወው። ጾም ላይ መሆኔን ከእኔ ቀድሞ ያስታወሰው እሱ ነው።

ወሬው እንዴት ዓርብን ሐሙስ እንዳደረገው በኋላ አጣራሁ። ሰይድ ያለው "ባለፈው ሳምንት" ብቻ ነው። የሰማው ሰው "በገብርኤል ሳምንት ነው" አለ፤ ያም እውነት ነው። ከእሱ የሰማው "ለገብርኤል ነው" አለ። ሦስት አፍ በቃው። በእኛ ሙያ ለዚህ ሁለት አፍም ይበቃል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። አውጫጭ ነው፤ ሁሉም በተራ ተነሥቶ ለገብርኤል የት እንደዋለ ይናገራል። ቄሱ "በረዶ የሚያወርደው እግዜር፣ የምትጠያየቁት እናንተ" ብለው ገና ሳይጀመር ወደ ቤታቸው ሄደዋል። አያ ቢተው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መሐል ተቀመጡ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ሲሰሙ ደግሞ የተኙ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። እንዳይመስላችሁ። አልተኙም።

ተራ በተራ ተነገረ። ያን ቀን በዚያ አጥቢያ ሥራ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም። ከፊሉ ታቦት አንግሧል፣ ከፊሉ ዘመድ ጠይቋል፣ የቀረው ራሱን አሞት ተኝቶ ውሏል። እንደዚያ ቀን ብዙ ሰው ራሱን የታመመበት ቀን ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው ጭራሽ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ሥራ ይሁን አይሁን ጠየቀ። "ጫማህ አርሶ ያውቃል?" አሉት አያ ቢተው። ተቀመጠ።

የእህቴ ተራ ሲደርስ ለሰይድ ደወልኩለት፤ ስልኩን ድምፁን ከፍቼ አያ ቢተው ፊት አስቀመጥኩት።

"ሰይድ፣ ልጄ፣ ደኅና ነህ?" አሉ ስልኩን እንደ ሰው እያዩ።

"አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት አባባ?"

ጁምዓውን ተናገረ። አንዳንዱ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ገበያው ሲናገር ግን አያ ቢተው ዱላቸውን መሬት መቱ።

"ይበቃል! ነጋዴ ሻጭ ወደሌለበት አይሄድም። ይርገዱ ነጻ ናት።"

እታለም በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ በራሴ ተደሰትኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን ተረት እንኳ በልቤ ተረትኩ።

ደስታዬ የቆየው ሞላ እስኪነሣ ነው።

"እሺ፣ እሷ አይደለችም" አለ። "ታዲያ ማን ነው?"

ሰው ሁሉ ዙሪያውን መተያየት ጀመረ። ከእህቴ ማሳ ቀጥሎ ወደ ማን ማሳ እንደሚኬድ በዓይን ይለካ ነበር። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አቀፈች። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር አለ። ያመጣሁት ማስረጃ በረዶውን ከእህቴ ራስ ላይ አንሥቶ አየር ላይ ተወው እንጂ አላቀለጠውም። ወንፈሉም እንደታገደ ነው። ጤፉም በአረም እንደተያዘ ነው።

አያ ቢተው ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ገለጥ አድርገው ወደኔ ዞሩ።

"አንተስ፣ የይርገዱ ወንድም?"

"እኔ ምን?"

"ለገብርኤል የት ዋልክ?"

"ባሕር ዳር ነዋ፣ አያ ቢተው። ሥራ ላይ።"

አንድ ሰው ሳለ። ሌላው ሳሉን ዋጠ።

"ምን ስትሠራ?"

መዋሸት እችል ነበር። ራሴን አሞኝ ነበር ብል ማንም አይጠረጥረኝም፤ የአገሩ ሁሉ በሽታ ነው። ነገር ግን ሰው ዕድሜ ልኩን እውነቱን ተናገሩ ሲል ኖሮ ተራው ሲደርስ እንዴት ይሆናል?

"ስጽፍ ነበር" አልኩ።

"ምን ብለህ?"

"ዘንድሮ ዝናቡ ለአዝመራው የተመቸ ነው ብዬ።"

"ኧረ በጣም ተመችቷል!" አለ ሞላ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሣቀ። ሞላም ሊሥቅ ምንም አልቀረውም።

"ቆይ፣ ቆይ" አልኩ። "ባሕር ዳር የተሠራ ሥራ እዚህ በረዶ ያወርዳል እንዴ?"

"ክርስትና የተነሣኸው የት ነው?" አሉኝ አያ ቢተው።

"እዚሁ።"

"እትብትህስ?"

"እዚሁ ነው የተቀበረው።"

"ታዲያ በረዶው የት ይሂድ? አንተ አድራሻ ብትቀያይርም እሱ የሚያውቀው የድሮውን ነው።"

ጠበቃ ፍለጋ ወደ እህቴ ዞርኩ። ሞጣ ድረስ ሄጄ ነጻ ያወጣኋት እህቴ መሬት መሬት እያየች "እኔስ ድሮም ይህ ልጅ ለበዓል አይጠነቀቅም እል ነበር" አለች። የታወቀ ነው፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

እንደገና አፌን ልከፍት ስል የአያ ቢተውን ዓይን አየሁ። ሽማግሌው የሚያዩኝ እንደ ጥፋተኛ አልነበረም። ሸክሙን ማን ትከሻ ላይ ቢያደርጉት እንደማይሰብር ሲያስቡ ቆይተው፣ አንድ ሰፊ ትከሻ ያገኙ ሰው አስተያየት ነው። ማሳ የለኝም። የምባረርበት ወንፈል የለኝም። ነገ ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለገብርኤል መሥራቴን በገዛ አፌ ያመንኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። በማስረጃ ደረጃ ምን ይጎድለዋል?

"አጥፍቻለሁ" አልኩ።

ከወይራው ሥር የወጣው ትንፋሽ ተሰማኝ። እንደዚያ ያለ ትንፋሽ የሚሰማው ዶፍ ሲያባራ ነው። ልጇን ያቀፈችው ሴት ለቀቀቻት። ቅጣቴ ሞላ ማሳ ላይ የወደቀውን ስንዴ ለከብት መኖ አንድ ቀን እያጨዱ መዋል ሆነ። ወንፈሉም ለሰኞ እንዲወጣ ተፈቀደ፤ መጀመሪያ ወደ ይርገዱ ጤፍ።

ሰኞ ከሞላ ጋር ስናጭድ ዋልን። ማጭድ ከያዝኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ እሱ ሦስት ነዶ ሲያወጣ እኔ አንድ አላወጣም። መረሬው አፈር ጫማዬ ላይ ተለጥፎ እያንዳንዱ እግሬ የልጅ ክብደት አክሏል። ከወንዙ ማዶ ያሉት አራሚዎች ወገቤን ይዤ በቆምኩ ቁጥር "ጋዜጠኛው! ጻፍ እንጂ!" እያሉ ይቀልዱብኛል። ረፋዱ ላይ ዐረፍ ስንል ሞላን ጠየቅሁት።

"እውነት እኔ ያወረድኩት ይመስልሃል?"

ማሳውን አየ። "እንጃ" አለ። "አንተ ላትሆን ትችላለህ። ግን ይህን ሁሉ ስንዴ ማንም ሳያጠፋ እንዲሁ ጠፋ ብዬ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ሰው ካጠፋው፣ ሰውየው ይቀጣል፣ ነገሩም ያልቃል። ምክንያት በሌለው ነገር ማንን ትቆጣለህ?"

በዘገባዬ ውስጥ ለዚህ መልስ የሚሆን አንቀጽ ፈለግሁ። ስለ ሙቅ አየር ነበር። ስለ ደመናው አናት ነበር። ሌላ አልነበረም።

"ሽምብራ ዝራበት" አልኩት።

"እሱንማ እዘራለሁ" አለና ማጭዱን አነሣ። "ተነሣ፣ ገና ነህ።"

ከወንዙ ማዶ ሃያ የሚሆን ሰው ጤፉ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነበር። ማታ ሳይመጣ ታርሞ አለቀ። በኅዳር እህቴ ደውላ አዝመራው ጥሩ መሆኑን ነገረችኝ፤ የሞላ ሽምብራም እሸት ይዟል አለች። ስለ ሞጣው ጉዞዬ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁባትም።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ክረምቶች አልፈዋል። በረዶም አልቀረ። በዚያ አጥቢያ ግን አውጫጭ ተቀምጦ አያውቅም፤ አያስፈልግም። በረዶ በወረደ ማግስት አያ ቢተው በልጅ ልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል። ጤንነቴን፣ የልጆቼን ደኅንነት፣ የባሕር ዳርን ሙቀት በተገቢው ሥርዓት ይጠይቁኛል። ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ።

"እና፣ ለሚካኤል ምን ስትሠራ ዋልክ?"

"ስጽፍ ነበር፣ አያ ቢተው።"

"ተመስገን!" ይሉና ስልኩን ይዘጉብኛል።

ያን ቀን ወንፈሉ ይወጣል፣ ሰው በሰላም ያድራል። እኔም ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አውጥቻለሁ። ሚካኤል ይሁን ገብርኤል፣ ዕረፍት ላይ ብሆንም፣ ብታመምም፣ ቢያንስ ሁለት መስመር ሳልጽፍ አልውልም። በሐሰት መመስከር አልወድም።